ወደ ቤት የምታሳይ ቀስት

አሶሳ ውስጥ ባለ ሃይሉክሱን ገላውን የማያውቅ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ በዕድሜው ዕቃ አስጭኖ አያውቅም። ማንጎ ቢሆን፣ ሰሊጥ ቢሆን፣ የሙሽራ አልጋ ቢሆን፣ በጠና የታመመ ሰው ቢሆን «ገላውን ጥሩልኝ» ነበር የሚባለው። ደግሞ አፉ! መንገድ የጠየቀውን ሰው «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ብሎ አይሸኝም። «አህያዋ አልነሣም ያለችበትን ዳገት ታውቃለህ? አታውቅም? ታዲያ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ!» ይላል። መንገድን የሚያውቀው በታፔላ ሳይሆን እዚያ ቦታ ላይ በሆነው ነገር ነው። ያኛው ወንዝ መኪናው እስከ አፍንጫው የገባበት ነው፤ ያኛው ዛፍ ምጥ የያዛት ሴት ከመኪና ወርዳ የተገላገለችበት ነው። ሽናሻ ነው፤ ድባጤ ተወልዶ ያደገ፣ የገበሬ ልጅ ሆኖ ሳለ ከሞፈር ይልቅ መሪ የወደደ።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ ሚስቱ ስንቅነሽ አንድ ጠዋት እጁን ይዛ አቅጣጫ የሚያሳይ መሣሪያ ልትገዛለት የወጣችው። አይ ጊዜ!

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ድባጤ ላይ ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲፈራ፣ ገላው የመንደሩን አሮጊትና ሽማግሌ ሃይሉክሱ ላይ ጫነ። ስንቅነሽን ጋቢና አስቀመጠ፤ አንድ ልጁን ካሌብን ደግሞ «ከኋላ ሁንና ሰዎቹን ደግፍ» አለው። ቤታቸው ሲጨስ በስፖኪዮ አየው፤ ግን አልቆመም። ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ አሶሳ ሲገባ የጫነው ሰው በሙሉ በሕይወት ነበር። ስንቅነሽ መሬት ስማ «እመብርሃን ልጄን አተረፈችልኝ» አለች።

ካሌብ ጎበዝ ልጅ ነበር። ብየዳ ለመደና ጉባ፣ ግድቡ ጋ ሥራ አገኘ። ከጥይት ያመለጠውን ልጅ እዚያ ወባ በላው። ትኩሳቱ እንደጠና ሲሰማ ገላው ራሱ ሄዶ ጋቢና አስተኝቶ አመጣው፤ መንገዱን ሙሉ «በርታ ልጄ፣ ደረስን፣ ይቺን ዳገት ብቻ» እያለ ነዳ። ልጁ ገና መሃል መንገድ ላይ ሕይወቱ እንዳለፈ የተነገረው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ለሬሳ ነበር «ደረስን» ሲል የመጣው። አሶሳ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቀበሩት።

የገላው ራስ መክዳት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋው፤ ማን የማይጠፋው አለ። ቀጥሎ የሰው ስም ጠፋው፤ ዕድሜ ነው ተባለ። በኋላ ግን ለባምባሲ ማንጎ ጭኖ የወጣው ሰውዬ በተቃራኒው በኩርሙክ መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ ሞተሩ እንደበራ፣ መሪውን ጨብጦ፣ ማንጎው ፀሐይ ላይ እየበሰለ። ምን ሆነህ ነው ሲሉት «ሞተር ላቀዝቅዝ ብዬ» አለ። «መንገዱ ጠፋኝ» ማለት ለገላው ሞት ነው።

ሐኪሙ ስንቅነሽን ለብቻዋ ጠርቶ የመርሳት ሕመም መሆኑን፣ እያደርም እንደሚብስ ነገራት። መንዳቱንም ቢያቆም ይሻላል አላት። እሷ ግን መሪ ከእጁ ወስዳ ምን ታስቀርለት? ደግሞ እኮ እጁና እግሩ ምንም አልረሱም። ማርሽ ሲያስገባ፣ ጉድጓድ ሲያሳልፍ ያው ገላው ነው። የጠፋበት ወዴት እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ ከከተማ እንዳይወጣና እሷ አጠገቡ ሳትቀመጥ እንዳይነዳ አስማለችው፤ መሐላውን እንደሚረሳው እያወቀች።

ከሁሉ የባሰው ግን ይሄ አይደለም። ራት ቀርቦ ሳለ ገላው ቀና ይልና «ካሌብ አልገባም እንዴ?» ይላል። ስንቅነሽ የመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገረችው። ምነው ምላሴን በቆረጠው ያለችው ያኔ ነው። ሰው መርዶ የሚረዳው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚደግፈው ሰው ግራና ቀኙን ይዞት። ገላው ግን ሳህን ፊት ተቀምጦ ደጋግሞ ተረዳ፤ ሁልጊዜም እንደ አዲስ። ደረቱን ይደቃል፣ በሽናሽኛ ይጣራል፣ ተንከባሎ ይወድቃል። በነጋታው ረስቶት ፈገግ ብሎ ይነሣና ማታ ደግሞ ያንኑ ይጠይቃል።

አንድ ቀን አልቻለችም። «ጉባ ነው፤ ሥራ በዝቶበታል። ለበዓል ይመጣል» አለችው።

ፊቱ በራ። «ሥራ ነው የሚሻለው! ጎበዝ ነው የኔ ልጅ» ብሎ ጥርግ አድርጎ በላ።

ከዚያ በኋላ ውሸቱን አጠበቀችው። ጥቁር ልብሷን አውልቃ ሳጥን ውስጥ ከተተች፤ የልጇን ፎቶ ከግድግዳ አወረደች። ለጎረቤት፣ ለደንበኛ፣ ለባለ ሱቅ «በሞቴ፣ ለገላው ትንፍሽ እንዳትሉ» ብላ አንድ በአንድ አስማለች። አገራችን ደግሞ መርዶ መደበቅ ሲያውቅበት! ትንፍሽ የሚል የለ፤ ገላው «ካሌብ ደህና ነው?» ሲል ሁሉም «ደህና ነው» ይላል። እሷስ? እናት አይደለችም? ማልቀስ ሲያምራት የሰው ለቅሶ ትሄዳለች። የማታውቀው ሰው ቢሞትም ትሄዳለች። ጥግ ይዛ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ የራሷን ልጅ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። ሰዉ «ስንቅነሽ ለሰው ደራሽ ናት» ይላታል። ምን ያውቃል ሰው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ ልትገዛ ወርዳ ስትመለስ መኪናው የለም። ጎረቤት ይዛ ፍለጋ ወጣች። ከከተማው ጫፍ አገኙት፤ ወደ ቤት እየሄደ እንደሆነ ነው የነገራቸው። የትኛው ቤት እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። በነጋታው እንግዲህ መሣሪያ ልትገዛለት ወደ አብዱልረሂም ሱቅ ይዛው ሄደች።

አብዱልረሂም የበርታ ተወላጅ ነው፤ ስልክና ራዲዮ ይሸጣል። አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላል፤ የሚቀየመው የለም። ስንቅነሽ ነገሩን ስታስረዳው ሁለት መሣሪያ አወጣ።

«እትዬ፣ አንተ ይሄ ትልቁን እይ» አላት። ሰፊ መስታወት ያለው ነው። ሲያበራው አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ተናገረች።

ገላው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«መንገድ የሚናገር ነው፣ ጋሽ ገላው።»

«የት አድጋ? አህያዋ አልነሣም ያለችበትን ዳገት ታውቃለች?»

አብዱልረሂም እየሳቀ አሶሳን ፈልጎ አሳየው። አንድ ወፍራም መስመር፣ ጥቂት ቀጫጭን መስመር፤ የቀረው ባዶ ነው። የገላው ሰፈር የለም። ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወስደው መንገድ የለም። ገላው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ብዙ አየው።

«ምስኪን» አለ። «እሷም እንደኔ ትረሳለች።»

አብዱልረሂም ሳቁን ዋጠ። ገላው ስለ መርሳቱ በገዛ አፉ ሲናገር ስንቅነሽ ሰምታ አታውቅም። ያውቃል ማለት ነው፤ ለካ ቀኑን ሙሉ እያወቀ ነው። የሱቁን መደርደሪያ የምታይ መስላ ፊቷን አዞረች።

ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ በእጅ ጭብጥ የሚገባ፣ የተቧጨረ፣ መሬት ለክተው የሄዱ ሰዎች የሸጡት። ካርታ የለው፣ ድምፅ የለው። አንድ ቦታ ቆመው ቁልፉን ሲጫኑት ቦታውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ የትም ቢሆኑ ያንኑ ቦታ በቀስት ያሳያል፤ ይኸው ነው ጥበቡ።

«ኔትወርክ አይፈልግም» አለ አብዱልረሂም። «ሰማይ ብቻ ነው የሚፈልግ። ቤት ስትደርስ፣ ሜዳ ላይ ወጥተህ ቁልፉን ምታው። ቤት ሲጠፋህ ቀስቱን ተከተል። አለቀ።»

ትልቁን ልትገዛለት ነበር ስንቅነሽ ያሰበችው፤ ትልቅ ነገር ለትልቅ ሕመም ይሆናል ብላ። ገላው ግን ትንሿን አነሣና በመዳፉ መዘናት።

«ይቺን። መንገዱን እኔ አላጣውም፤ ወዴት እንደሆነ ብቻ ትንገረኝ። ደግሞ ዝም ትላለች፤ እንደ ስንቄ አትጨቀጭቅም።»

«አንተ ሰውዬ! እኔ ባልጨቀጭቅህ ሱሪህንም ረስተህ ትወጣ ነበር» አለችው። ሦስቱም ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቀችው ሳቅ ነው፤ ወደ ቤት ሲሄዱ እንኳ አልለቀቃትም ነበር።

ቤት ሲደርሱ ግን መሣሪያዋ እምቢ አለች። የአሶሳን ግቢ ታውቁት የለ? ማንጎው ከላይ ተጋጥሞ ጣራ ሆኗል፤ ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ በሽራፊ ነው የምትገባው። እነ ገላው ያሉበት ግቢማ ከሁሉም የጠቆረ ነው። ቁልፉን ቢጫኑት፣ ከፍ አድርገው ቢይዙት፣ ገላው ማንጎው ሥር እንደ ታቦት ይዟት ቢዞር፣ ያው ሰማይ አላየሁም ትላለች።

«ተይው» አለ ገላው። «ሜዳ ፈልጌ እኔ እመታታለሁ።»

አብራው ልትሄድ ነጠላዋን ስትፈልግ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። በር ላይ ቆማ ጸሎት ስታደርስ ቆየች። ግን ያ ቀን ከደህናዎቹ ቀኖች አንዱ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን አልፎ አልፎ ይመጣለታል፣ ልቡ ጥርት ብሎ የድሮው ገላው ይሆናል። ብዙም ሳይቆይ በሰላም ተመለሰ።

«ያዘች?» አለችው።

«ያዘች።»

መንደሩ ጫፍ፣ የልጆቹ ኳስ ሜዳ ላይ መታት ብላ ገመተች። እዚያ ከደረሰ ቤቱ ይታየዋል። መሣሪያዋን መሪው ፊት ለፊት በላስቲክ አሰሯት። ስንቅነሽ ያን ቀን እንቅልፍ ተኛች።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ሀምዲያ ወንድሟ ሞተባትና ስንቅነሽ ገላውን አስተኝታው ለቅሶ ሄደች። እንደ ልማዷ ጥግ ይዛ የልቧን አለቀሰች። ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው፤ ሃይሉክሱም የለም።

መጀመሪያ አልደነገጠችም። «ቀስቷ አለች፤ ታመጣዋለች» ብላ በር ላይ ቆመች። ዝናብ ወረደ፤ አባራ። እሱ ግን አልመጣም። ባለ ባጃጁን ዲማን አስቆማ ገበያውን፣ መናኸሪያውን፣ ወፍጮ ቤቱን ዞሩ። የኩርሙክ መውጫ ጋ ሲደርሱ የዲማ ስልክ ጮኸ።

«እትዬ፣ የጋሽ ገላው መኪና ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ቆማለች አሉኝ።»

አወቀች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ልብ እኮ ቀድሞ ያውቃል። ባጃጁ ሳይቆም ወረደች።

ገላው የካሌብ መቃብር ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ልብሱ በዝናብ ከሰውነቱ ተጣብቋል። መሣሪያዋ ጉልበቱ ላይ ናት፤ ቀስቷ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ የምታሳየው አቅጣጫ አጥታለች፤ ደርሳለቻ።

«ስንቄ» አላት። «ይቺ ዕቃ ተበላሽታለች መሰለኝ። ቤት ውሰጅኝ ብላት እዚህ አመጣችኝ።» ከዚያ ሲሚንቶው ላይ የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንዴ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። «የማን ካሌብ ነው ይሄ?»

«ጉባ ነው» የሚለው ቃል አፏ ጫፍ ደርሶ ነበር። ለምዶባታል። ግን የልጇ አፈር ላይ ቆማ ልጄ ደህና ነው ትበል? አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘች።

«የኛው ነው፣ ገላዬ። የኛው ካሌብ ነው።»

ጮኸ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሮጦ መጣ። ስንቅነሽም ጮኸች፤ በሰው ለቅሶ ሳይሆን፣ በሰው ድንኳን ሳይሆን፣ በራሷ ልጅ ስም፣ ከባሏ ጋር። ዲማ ባርኔጣውን አውልቆ አጥሩ ጋ ቆሞ ጠበቃቸው።

በነጋታው ገላው ምንም አያስታውስም ነበር። ስንቅነሽ ግን በንዴት መሣሪያዋን ከላስቲኩ ፈታ ወደ አብዱልረሂም ሱቅ ሄደች። ማንጎው ነው መሣሪያዋን ያሳሳታት ብላ ነው፤ ገላው ሰማይ ፍለጋ ሲዞር ባልሆነ ቦታ መታት ብላ።

ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት። «ይሄን እርኩስ ዕቃ አጥፋልኝ! ባሌን ወስዶ ልጁ መቃብር ላይ ጣለው። ሰርዘውና የቤቴን አስገባልኝ።»

አብዱልረሂም መሣሪያዋን አነሣ፤ አገላበጠ፤ መልሶ አስቀመጠ። ዓይኗን ማየት አቃተው።

«እትዬ፣ አልተበላሸም። አልተሳሳተም። ጋሽ ገላው ራሱ ነው የመታ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የዛን ቀን እዚህ መጣ፣ ብቻውን። ጤነኛ ነበር፣ ወላሂ፣ ልክ እንደ ድሮ። አብረን ሄድን። መቃብሩ ላይ ቆመና ምታ አለኝ። ይሄ እኮ ቤት አይደለም አልኩት።» አብዱልረሂም መሣሪያዋን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «እንዲህ አለኝ፤ ‹ቤቴን ብረሳ ሰው ይመልሰኛል፣ አሶሳ ሁሉ ቤቴን ያውቃል። ልጄን ብረሳ ግን የሚመልሰኝ የለም። ስንቄ አዝናልኝ ሁላችሁንም አስምላብኛለች። እሷ አትጨክንም። ይቺ ግን አልማለችም› አለ። እኔ ምን ልበል? እኔም ለአንተ የማልኩ ሰው ነኝ። ዝም ብዬ መታሁለት።»

ስንቅነሽ የሱቁ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ጊዜ ስታስመስል፣ ፎቶ ስታወርድ፣ ጥቁሯን ስትደብቅ፣ እሱ በደህናዎቹ ቀኖቹ ሁሉንም ያይ ነበር። አይቶ ዝም አላት። ለእሷ ሲል የማያውቅ መሰለ፤ ለልጁ ሲል ደግሞ የሚያስታውሰው ነገር ገዛ። እሷ ከሐዘን ያዳነችው መስሏት ነበር፤ ለካስ ልጁን ነው የቀማችው።

«እሰርዘዋለሁ፣ እትዬ?» አለ አብዱልረሂም ቀስ ብሎ።

«ተወው» አለች። መሣሪያዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጡቷ ሥር ከተተቻት። «ሲጠፋብኝ የት እንደማገኘው አሁን አውቄያለሁ።»

ቤት ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። ጥቁሩን ልብስ አውጥታ ለበሰች፤ የካሌብን ፎቶ ግድግዳው ላይ መልሳ ሰቀለች። የመኪናውንም ቁልፍ ከኪሱ አወጣች፤ ገላው እንኳ አልጠየቀም። ሃይሉክሱ ማንጎው ሥር ቆመ፤ ቅጠል ይወርድበት ጀመር።

አሁን ገላው ማንጎው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። የሰው ስም ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠፍቶበታል፤ የእሷም አንዳንድ ቀን ይጠፋዋል፤ አማርኛውም እየሸሸው ብዙውን በሽናሽኛ ነው የሚያወራት። አንድ ስም ብቻ አልጠፋውም።

«ካሌብ አልገባም እንዴ?» ይላል።

ስንቅነሽ የያዘችውን ታስቀምጣለች። ክንዱን ይዛ ታስነሣዋለች፤ መሣሪያዋን እጁ ላይ ታደርግለታለች። «አልገባም፣ ገላዬ። ና፣ እኛ እንሂድለት» ትለዋለች። ከማንጎው ጥላ ወጥተው ሰማይ ሲያገኙ ቀስቷ ትነቃለች። እሱ ከፊት ይመራል፤ ድሮም መምራት ይወዳል። እሷ ከኋላው ጥቁሯን ለብሳ ትከተላለች። መንገዱን ሳታይም ታውቀዋለች፤ እስኪደርስ ግን ወዴት እንደሆነ አትነግረውም።